ለወፍና ለዱር እንስሳት ፎቶ ቀለል ያለ ሌንስ አመራረጥ

የወፍ ፎቶ ልጀምር ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሚሊ ልግዛ?" ብሎ ነው። ሚሊ ማለት ሌንሱ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ የሚናገረው ቁጥር ነው። ጥያቄው ደህና ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ነበረበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ስንት ኪሎ ይዤ ስንት ሰዓት እሄዳለሁ?" ነው። እኛ አገር ደህና ደህና ወፍና እንስሳ ያለው ዳገት ላይ ነዋ! የባሌው ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰሜን ተራሮችም አይተናነሱም። እዚያ ከፍታ ላይ ባዶ እጅ መሄድም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ባለሙያዎቹ ይዘዋቸው የምናያቸው ግዙፍ ሌንሶች፣ ለምሳሌ 600 ሚሊ ኤፍ 4፣ ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ዋጋቸውም ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ነው። እነሱን እንርሳቸው። እዚህ "ቀላል" የምለው ከ1.5 ኪሎ በታች ያለውን ነው። 2 ኪሎ የሚደርሱትንም አነሳለሁ፤ እነሱ ግን መኪና ላላቸው ናቸው።

1. ቦታውን ቁረጡ

ሌንሱን ከመምረጣችሁ በፊት ብዙውን ጊዜ የት እንደምትሠሩ ወስኑ። ቦታው ሲለወጥ ሌንሱም ይለወጣል።

ሳነቴ ላይ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ያልፋል። ቀይ ቀበሮን ለማንሳት ከመኪና አለመውረድ ይሻላል። መኪናውን ለምዶታል፤ ሰው ሲወርድ ግን ይርቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ናቸውና ባናባርራቸው ጥሩ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሌንሱ ከበድ ቢልም ግድ የለም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጋቢ አጣጥፋችሁ፣ ሌንሱን እሱ ላይ ማስደገፍ ነው። ሞተሩን ግን አስጠፉ፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዘዋል።

ዲንሾ ግን የእግር ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ የደጋ አጋዘን ሰው ስለለመደ በ20ና በ30 ሜትር ርቀት ታገኙታላችሁ። በጠዋት ተነስታችሁ ዛፍ ለዛፍ ስትሄዱ 2 ኪሎ ሌንስ አንገት ላይ መንጠልጠል ደስ አይልም።

ሰሜን ተራሮች ላይ የጭላዳ ነገር ሌላ ነው። ሳንቃበር አካባቢ መንጋው ሣር እየነጨ አጠገባችሁ ይደርሳል። 100 ሚሊ እንኳ ይበዛል። ዋልያው ደግሞ ገደሉ ላይ ነው፤ ለእሱ 400ም ሊያንሳችሁ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ቀን ያጋጥማሉ። ስለዚህ እዚያ ዙም ያስፈልጋል።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ብትሄዱ አባ ኮዳው ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲለቅም ታገኙታላችሁ። ሁለትና ሦስት ሜትር ነው ርቀቱ። እዚያ የሚያስቸግረው ሌንሱ ቅርቡን ነገር ፎከስ ማድረግ አለመቻሉ ነው። የካኖን 600 ሚሊ ኤፍ 11 ለምሳሌ ከ4.5 ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም። አባ ኮዳው እየቀረበ፣ እናንተ እየሸሻችሁ!

አዋሽ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ረፋድ ካለፈ በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሙቅ አየር ሩቅ ያለውን ሳላ ያንቀጠቅጠዋል። ምንም ዓይነት ውድ ሌንስ ይህንን አያስተካክልም። ሚሊ በጨመራችሁ ቁጥር እንዲያውም ይብሳል። መድኃኒቱ በጠዋት መነሳት ነው።

2. የሃይላንዱ ፈተና

የሌንስ ክብደት ወረቀት ላይ ሲታይ ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ 1,370 ግራም፣ ሌላው 2,115 ግራም። ልዩነቱ የሚገባው ሲያዝ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ለማንሳት ዕድል ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ልትገዙት ያሰባችሁት ሌንስና የካሜራችሁ አካል አንድ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚመጡ ደምሩ። ያንን ያህል ውሃ ሙሉና (ከሁለት ሊትር ካለፈ ሌላ ሃይላንድ ጨምራችሁ) በካሜራ ማንገቻ እሰሩት። እንጦጦን ውጡ። በየመሃሉ ቆም እያላችሁ ሃይላንዱን በሁለት እጅ ወደ ዓይናችሁ አንሱና አንድ ደቂቃ ያዙት። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዞር እስክትልላችሁ የምትጠብቁት ቢያንስ ያን ያህል ነው። ክንዳችሁ በ20 ሰከንድ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ያ ሌንስ ለእናንተ አይደለም። ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

ከዚያ ውሃውን ቀንሱና እንደገና ሞክሩ። ብዙ ሰው ካሜራና ሌንስ ተደምሮ ከ2 ኪሎ በታች ሲሆን ነው ረጅም መንገድ ሳይማረር የሚሄደው። ይህንን ቁጥር የራሳችሁ ክንድ ይንገራችሁ እንጂ ከእኔ አትውሰዱ።

3. ርቀቱን አስሉት

ስንት ሚሊ ያስፈልገኛል ለሚለው ግምት አያስፈልግም፤ ሒሳብ አለው። የእንስሳውን ርዝመት በሌንሱ ሚሊ አባዙ፣ ለርቀቱ አካፍሉ። ሁሉንም በሚሊ ሜትር አድርጉ። የሚወጣው ቁጥር እንስሳው ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የሚይዘው ቦታ ነው።

ዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ ናችሁ እንበል። ደንገሉ ላይ ትንሿ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ተቀምጣለች። 13 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ጀልባዋ እስከ 8 ሜትር ቀረበች። በ400 ሚሊ ሌንስ 130 ሲባዛ 400፣ ሲካፈል 8,000፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የክሮፕ ካሜራ፣ ማለትም አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ካሜራ፣ የሴንሰሩ ቁመት 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወፏ የፎቶውን ቁመት ግማሽ ልትሞላ ትንሽ ነው የሚቀራት። ይህ በጣም ጥሩ ነው። ፉል ፍሬም በሚባለው ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ ግን ሴንሰሩ 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሩቡን ብቻ ትንሽ አለፍ ብላ ትይዛለች።

ልብ በሉ፦ በክሮፕ ካሜራ ላይ 250 ሚሊ ብትጠቀሙ እንኳ ወፏ የፎቶውን ሩብ ትይዛለች። ፉል ፍሬም ላይ 400 ሚሊ ከሚሰጣችሁ ጋር እኩል ማለት ነው። የክሮፕ ካሜራ ያላችሁ ሰዎች "ፉል ፍሬም ካልገዛሁ" እያላችሁ አትጨነቁ። ቀላል ሌንስ ለሚፈልግ ሰው ክሮፕ በረከት ነው። ማይክሮ ፎር ሰርድ የሚባሉት ከክሮፕም ያነሰ ሴንሰር ያላቸው ካሜራዎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ፤ እዚያ 300 ሚሊ እንደ 600 ነው የሚያሳየው።

አሁን ቀበሮውን እናስላ። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር አንድ ሜትር ይጠጋል። በ100 ሜትር ርቀት፣ በ400 ሚሊ፣ ሴንሰሩ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የክሮፕ ሴንሰር ወርድ 22 ወይም 23 ስለሆነ ከአምስት አንዱን እንኳ አይሞላም። 600 ብትገዙ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መኪናዋን አቁማችሁ ብትጠብቁና ቀበሮው ፍልፈል እያደነ ወደ 50 ሜትር ቢጠጋ ግን በዚያው በ400ው 8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። መጠበቅ ከ600ው በለጠ። ክብደትም የለው፣ ዋጋም የለው።

የኔ ፍርድ ይኸው፦ ለክሮፕ ካሜራ 400 ሚሊ ለኢትዮጵያ ወፍና እንስሳ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ለፉል ፍሬም 500 ወይም 600 ፈልጉ። ከዚያ በላይ ቅንጦት ነው።

4. ብርሃኑስ?

ሌንስን ከባድ የሚያደርገው የፊቱ መስታወት ስፋት ነው። ሚሊውን ለኤፍ ቁጥሩ ስታካፍሉ ስፋቱ ይመጣል። 400 ኤፍ 2.8 ማለት 143 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የብርሃን መግቢያ ነው። 400 ኤፍ 5.6 ሲሆን 71 ይሆናል። ኤፍ 8 ሲሆን 50 ብቻ። ቀላል ሌንስ ፈልጋችሁ ኤፍ 2.8 አትጠይቁ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ጥያቄው ኤፍ 8 ይበቃኛል ወይ ነው። ቦታው ይወስነዋል። ሳነቴ ላይ ፀሐይ ስትደምቅ በኤፍ 8፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400፣ ሹተሩ (ፎቶው የሚነሳበት ፍጥነት) እስከ 1/1600 ሰከንድ ድረስ ይሄዳል። የሚበር ወፍ እንኳ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ከዚያው ተነስታችሁ ወደ ሐረና ጫካ ስትወርዱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጥላው ብርሃኑን አምስት ደረጃ ሊቀንሰው ይችላል (አንድ ደረጃ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)። ያው 1/1600 ወደ 1/50 ይወርዳል። በ1/50 ቅርንጫፍ ላይ የምትዘል ወፍ ጭጋግ ናት። ወደ 1/400 ለመመለስ አይኤስኦውን 3200 ማድረስ አለባችሁ። ዘመናዊ ካሜራ ይህን ይችለዋል። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ካሜራ ግን ፎቶውን ነጠብጣብ ይሞላባችኋል።

ስለዚህ ገላጣ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ኤፍ 8 አያስፈራችሁ። መናገሻ ሱባን፣ ሐረናን፣ ወንዶ ገነትን የመሰለ ጫካ የምታዘወትሩ ከሆነ ግን ኤፍ 5.6 ላይ ቁሙ። ልዩነቱ አንድ ደረጃ ነው፤ ጫካ ውስጥ ግን ያቺ አንዷ ደረጃ ታስፈልጋለች።

5. ባላችሁ ካሜራ ምን አለ?

አሁን ስም እንጥራ። ክብደቶቹ አምራቾቹ የሚሰጧቸው ናቸው።

የቆየ የካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ)፣ 700ዲ ወይም 70ዲ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። 55-250 ኤስቲኤም 375 ግራም ብቻ ነው። ያገለገለው በርካሽ ይገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ደረጃ ከፍ ማለት ስትፈልጉ የሲግማ ወይም የታምሮን 100-400 አለ፤ ሁለቱም 1.1 ኪሎ ገደማ ናቸው። የካኖን 400 ኤፍ 5.6 ኤል 1,250 ግራም ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌንስ ነው፣ ስታቢላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ነገር) የለውም። ለሚበር ወፍ ግን እስከ ዛሬ የሚወዱት አሉ፤ ፎከሱ ፈጣን ነው።

መስታወት የሌለው አዲሱ የካኖን አርኤፍ ካሜራ ካላችሁ መልሱ ቀላል ነው፤ 100-400 ኤፍ 5.6-8፣ 635 ግራም። ከአር7 ወይም ከአር10 ጋር ሲገጠም ሁሉ ነገር ከ1.3 ኪሎ በታች ነው። ጉድለት አለው፤ የዝናብና የአቧራ መከላከያ ጎማ የለውም፣ ሁዱንም (ከፊት የሚገጠመውን የፀሐይ መከለያ) ለብቻ ነው የሚሸጡት። ገንዘብ ያለው 100-500 ኤልን ይግዛ፤ 1,370 ግራም ገደማ። 600 ኤፍ 11 930 ግራም ነው። ለፀሐይ ቦታ ብቻ ነው የምመክረው።

ኒኮን ዲኤስኤልአር ላላችሁ፣ ኤኤፍ-ፒ ዲኤክስ 70-300 ቪአር (ለክሮፕ የተሠራው) 415 ግራም ነው። ተጠንቀቁ! እንደ ዲ90 ያሉ የቆዩ አካሎች ላይ ይህ ሌንስ ፎከስ አያደርግም። ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ካሜራ ላይ ሞክሩት። 300 ኤፍ 4 ፒኤፍ 755 ግራም፣ 500 ኤፍ 5.6 ፒኤፍ ደግሞ 1,460 ግራም ናቸው። ፒኤፍ የሚባለው ልዩ መስታወት ሌንሱን ያሳጥረዋል፣ ያቀለዋልም። ፀሐይ ከፊት ለፊት ስትሆን ግን የብርሃን ቀለበት ሊያሳይ ይችላል። 500ው ሌንስ ከእግረኛ ሰው ጋር ተስማምቶ የተሠራ ይመስለኛል። መስታወት የሌለው የኒኮን ዜድ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ 400 ኤፍ 4.5 እና 600 ኤፍ 6.3 ፒኤፍ አላችሁ። የትራይፖድ ቀለበታቸው ሲወልቅ አንዱ 1,160፣ ሌላው 1,390 ግራም ነው።

ሶኒ ላይ ክሮፕ ከሆነ 70-350 ጂ ውሰዱ፤ 625 ግራም ነው። ፉል ፍሬም ከሆነ 100-400 ጂኤም 1,395 ግራም፣ የሲግማ 500 ኤፍ 5.6 ደግሞ 1,370 ግራም ገደማ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራለት 200-600 2,115 ግራም ነው። ፎቶው ምርጥ ነው። የሃይላንዱን ፈተና ያለፈ ይግዛው።

ማይክሮ ፎር ሰርድ ላይ የፓናሶኒክ 100-300 520 ግራም፣ የኦሊምፐስ 75-300 ደግሞ 423 ግራም ናቸው። ከሁሉም የቀለለው መንገድ ይህ ነው። ጫካ ውስጥ ሴንሰሩ ይቸገራል፣ ያም ሆኖ ዕድሜያቸው ገፋ ላለ ወይም ጀርባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ሳላመነታ እጠቁመዋለሁ።

ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማጉያ) ገዝቼ ሚሊ ልጨምር የሚል ካለ፦ 1.4ው አንድ ደረጃ፣ 2ው ሁለት ደረጃ ብርሃን ይወስዳሉ። ኤፍ 6.3 ሌንስ ላይ ስትጨምሩት ብዙ ዲኤስኤልአሮች ፎከስ ማድረግ ያቆማሉ። ገንዘባችሁን ያዙ።

ዙም ወይስ ዙም የሌለው? ለመጀመሪያ ሌንስ ዙም። ጭላዳውም ዋልያውም በአንዱ ይነሳሉ። አቧራ ላይ ግን አስቡ፦ እየረዘመ የሚወጣ ዙም አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር የአዋሽን አቧራም ይስባል።

6. ያገለገለ ስትገዙ

አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። ነውር የለውም፤ ሌንስ እንደ ስልክ አያረጅም። ግን ሻጩ ፊት ሳታፍሩ፣ ሳትቸኩሉ ፈትሹ። ካሜራችሁንና ባትሪ የሞላ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለቱንም ክዳን አውልቁ። የስልኩን መብራት ከኋላ አብሩና ከፊት እያዘነበላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ችግር የለውም፤ ፎቶ ላይ አይታይም። ቀጫጭን ክር ክር የሚል ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። በአጠቃላይ ደብዘዝ ያለ ጭጋግ ካለም ተዉት።

የብሎኖቹን ራስ እዩ። ከተቧጨሩ ሌንሱ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። ለምን ተከፈተ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከተንዛዛ አመስግናችሁ ውጡ።

ዙሙን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። የሚይዝበት ቦታ መኖር የለበትም። ሌንሱን ወደ መሬት አዙራችሁ ያዙት፤ በራሱ እየተንሸራተተ ከወረደ ላልቷል።

ካሜራው ላይ ግጠሙት። ስታቢላይዘሩን አብሩና ቁልፉን በግማሽ ተጭናችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። ቀጭን ዝዝዝ የሚል ድምፅ ጤነኛ ነው። ቋ ቋ የሚል ከሆነ ወይም ምስሉ ዘለል ዘለል የሚል ከሆነ ስታቢላይዘሩ ሄዷል። ፎከሱን ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ደጋግማችሁ ላኩት። ሳያመነታ መሄድ አለበት።

የመጨረሻው ፈተና ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ታፔላ ምረጡ። ዙሙን እስከ መጨረሻ አርዝሙ፣ አፐርቸሩን (የብርሃን መግቢያውን) እስከ መጨረሻ ክፈቱ። የታፔላውን ጽሑፍ መሃል ላይ አድርጋችሁ አንሱ፤ ከዚያ በአራቱም ማዕዘን አድርጋችሁ አንሱ። እያንዳንዱን በካሜራው ላይ አጉልታችሁ እዩ። ማዕዘኖቹ ከመሃሉ ትንሽ ቢደበዝዙ ወግ ነው። አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ በጣም ከተለየ ግን ውስጡ ያለው መስታወት ተዛንፏል፤ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

7. ዘመድ ሲያመጣላችሁ

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ አንድ የተለየ ጣጣ አለ። የውጭ ሱቆች የመመለሻ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ነው። ዘመዳችሁ ሐምሌ ላይ ገዝቶ ለገና ሲመጣ ያ ጊዜ ድሮ አልፏል። ሌንሱ ችግር ካለበት ተቀመጠባችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቃው የሚገዛው ሰውየው ሊነሳ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሁን። ካሜራ ያለው ጓደኛ እዚያ ካለ የታፔላውን ፈተና እሱ ይሥራላችሁ፤ ፎቶዎቹን በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እንደ ፎቶ ከላከው ይጨመቅና ምንም አይታይም። ካሜራ ከሌለ በቪዲዮ እየደወላችሁ ቢያንስ የመብራቱን ፈተና አሠሩት። የአክስት ልጅ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ይሁን። ሌንሱ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይመጣ አደራ በሉት። ደረሰኙንም ይያዝ።

8. ሲደርስ መለማመጃ

መጀመሪያ ከካሜራው ጋር የመጣውን የአንገት ማንገቻ አውልቁና በትከሻ ላይ አግድማችሁ የምትይዙትን አድርጉ። የትራይፖድ ቀለበት ካለውና በእግር የምትሄዱ ከሆነ አውልቃችሁ ቤት አስቀምጡት፤ 100 ግራም ገደማ ይቀንስላችኋል።

ለመለማመድ ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሰፈራችሁ ሉካንዳ ቤት ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት ከማንም የተሻለ አስተማሪ ነው። ሹተሩን 1/2000፣ አፐርቸሩን የመጨረሻው ክፍት፣ አይኤስኦውን አውቶ አድርጉ። ፎከሱን የሚንቀሳቀስ ነገር በሚከተለው፣ ካኖን ላይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ በሚባለው ላይ አድርጉት። ከሰማዩ ብርሃን የተነሳ ወፉ እንዳይጠቁር ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በአንድ ደረጃ ጨምሩ። ስታቢላይዘር የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ነው የሚያቆመው፤ የወፉን ክንፍ የሚያቆመው ሹተሩ ብቻ ነው።

ግራ እጃችሁ ከሌንሱ ሥር ይሁን፣ ክርናችሁ ደረታችሁ ላይ ይለጠፍ። ዙሙን 400 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ ላይ ጭልፊት ከፈለጋችሁ አታገኙትም፤ ሰማይ ብቻ ነው የምታዩት። 150 ወይም 200 ላይ አድርጉ፣ በዓይናችሁ ወፉን ሳትለቁ ካሜራውን ወደ ፊታችሁ አምጡ፣ ፎከስ ሲይዝ ከዚያ ዙሙን አርዝሙ። ሉካንዳው ባለቤት ምን እያነሳችሁ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ፎቶውን አሳዩት፣ ሥጋ ሲቆርጥ ቁራጩን የት እንደሚጥል ይነግራችኋል።